የትኛው ፒያሳ?

ከሩቅ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ለመሥራት የሞከረ ሰው ሁሉ አንዲት መልእክት ያውቃታል። የማይክሮሶፍቱ ሪሞት ዴስክቶፕ አልገናኝ ሲል ምክንያቱን ሦስት አድርጎ ይደረድራል። ወይ በወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ የሩቅ ሰው እንዲገባ አልተፈቀደም፤ ወይ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ ወይ ደግሞ በኔትወርኩ ላይ አልተገኘም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። ሐኪም ቤት ሄደው «ወይ ወባ ነው፣ ወይ ታይፎይድ ነው፣ ወይ ደግሞ እርስዎ እዚህ አልመጡም» የተባሉ ያህል ነው።

መልእክቷ የቢሮ ሰዎች ጣጣ ብቻ ብትሆን ኖሮ ባላነሳኋት። ዛሬ ግን የቤት ጉዳይ ሆናለች። ልጅ ቨርጂኒያ ነው፣ እናት አዲስ አበባ ናቸው። የእናት ኮምፒውተር ፎቶ አልከፍት፣ ደብዳቤ አላትም ብሏል። ልጅ ማታ ከሥራ ገብቶ፣ እናት ደግሞ እዚህ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ስልክ ይዘዋል።

«እማዬ፣ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ተጫኚ።»

«የቷን?»

«መስኮት የምትመስለዋን።»

«ተጫንኩ እኮ።»

«ምን መጣ?»

«ኧረ ምንም አልመጣ!»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናት «አይፒ አድራሻ» የሚባለውን ቁጥር እንደምንም አግኝተው ያነቡለታል፤ 192.168.1.5። ልጅ ቁጥሩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። መልእክቷ ከች! ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። እናት «እኔ ነኝ መቼም ያበላሸሁት» ይላሉ። ልጅ «ያገራችሁ ኔትወርክ ነው» ይላል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ያበላሸ ሰው የለም። ያ ቁጥር መጀመሪያውኑ ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ ሊያደርስ አይችልም። የማይችልበት ምክንያት ደግሞ የብልሽት ሳይሆን የታሪክ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ይህም ልማድ ራሱ ለብዙ ሰው ግንኙነት መቋረጥ ምክንያት ነው፤ እደርስበታለሁ።)

ሰው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ማዘዝ የጀመረው ኢንተርኔት ከመወለዱ በፊት ነው። በዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ ለ90 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ፣ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜንሎ ፓርክ የሚገኘውን የምርምር ተቋሙን ኮምፒውተር ሲያዝ ታየ። ማውዝ ለሕዝብ የታየችውም በዚያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲያ ካለ ባልደረባው ጋር በአንድ ስክሪን ላይ አብረው ሠሩ። እናትና ልጅ ዛሬ ሊያደርጉት የሚታገሉትን ነገር ኤንግልባርት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት አድርጎታል ማለት ነው። ልዩነቱ እሱ የራሱ ሞደምና በማይክሮዌቭ የተዘረጋ የግል መስመር ነበረው። በመሐል የቆመ ማንም አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ የዛሬው ኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት የመጀመሪያ መልእክቱን ላከ። የተላከው ከሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ከሚባለው፣ እዚያው ሜንሎ ፓርክ ወዳለው የኤንግልባርት ተቋም ነው። ርቀቱ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እንደ መሄድ ያህል ነው። ልብ በሉ፤ ያቺ የመጀመሪያ መልእክት ሰላምታ አልነበረችም፤ የምሥራችም አልነበረችም። «ሎግኢን» የምትል ቃል ነበረች። አስገባኝ ማለት ነው። ኮምፒውተር በኔትወርክ ላይ አፉን የፈታው ሌላ ኮምፒውተር ቤት በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» በማለት ነው።

ቃሏን የሚጽፈው ቻርሊ ክላይን የሚባል የሌናርድ ክላይንሮክ ተማሪ ነበር። በወዲያኛው ጫፍ ቢል ዱቫል ተቀምጧል። ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ስልክ አድርገዋል። ክላይን ኤልን ጻፈና ደረሰችህ ወይ አለ፤ ደርሳለች ተባለ። ኦን ጻፈ፤ እሷም ደርሳለች። ጂን ሲጽፍ የወዲያኛው ኮምፒውተር ተዘረረ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጅተው ጠግነውት በመጨረሻ ገቡ። በዚያን ምሽት የተሞላው መዝገብ ስለ መዘረሩ አንድም ቃል የለውም፤ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ተኩል (በእነሱ 22:30) ላይ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ፊት ለፊት መነጋገራቸውን ብቻ ይናገራል። እንግዲህ የቨርጂኒያው ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ምን መጣ?» ሲል የሚያደርገው አዲስ ነገር አይደለም። የሩቅ ኮምፒውተር ጥገና ገና ከጅምሩ የስልክ አጋዥ ነበረው።

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሠራዊቱና ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አድራሻ ተሰጣቸው። ማንም ማንንም መጥራት ይችላል። በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ኔትወርኩ ዛሬ ወደምንጠቀምበት ሥርዓት ሲዛወር የአድራሻው ርዝመት 32 ቢት እንዲሆን ተደረገ። ይህ ማለት 4,294,967,296 አድራሻ፣ በግርድፉ 4.3 ቢሊዮን ማለት ነው። ቪንት ሰርፍ፣ ሥርዓቱን ከነደፉት ሁለቱ አንዱ፣ ያኔ ነገሩ ሙከራ ስለነበር ይበቃል ብለው እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። በመሬት ላይ ካለው ሰው ያነሰ አድራሻ ለዓለም ይበቃል ያሉት ዓለም ኮምፒውተር ይገዛል ብለው ስላላሰቡ ነው። አይፈረድባቸውም።

አከፋፈሉ ግን የቀደመ የሚጠግብበት ድግስ ሆነ። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ታዋቂው ኤም.አይ.ቲ.፣ በ18 የሚጀምሩትን አድራሻዎች በሙሉ ወሰደ፤ ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አፕል በ17 የሚጀምሩትን ያዘ። ኤም.አይ.ቲ. አብዛኛው ሳይነካ እንደተቀመጠ ቆይቶ በ2017 ስምንት ሚሊዮን ያህሉን ለመሸጥ ወሰነ። የአፍሪካ አድራሻ አከፋፋይ የሆነው ሞሪሺየስ ያለው አፍሪኒክ እንኳ ዕውቅና ያገኘው በ2005 ነው። ማዕዱ ሊነሣ ሲል ማለት ነው።

የቤት ኮምፒውተርስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። በ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር አድራሻ ነበረው፤ ያውም በዓለም ላይ ሁለተኛ የሌለው አድራሻ። የስልክ ቁጥሩ! በ1986 ፒሲ ኤኒዌር የሚባል ፕሮግራም ገበያ ላይ ወጣ። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ሞደም ተሰክቶበት ይቀመጣል፤ እርስዎ ከቤት ይደውላሉ፤ ያነሣል፤ ስክሪኑን ያሳይዎታል። ፍጥነቱን ካነሣን አያድርስ ነው። በሰከንድ 2400 ቢት በሚልክ ሞደም አንድ ስክሪን ሙሉ ጽሑፍ፣ 2000 ፊደል ያህል፣ ለመምጣት ስምንት ሰከንድ ይፈጃል። ሆኖም አልተገኘም የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩን ካወቁ ይደርሳሉ፤ ካልደረሱ ወይ ተይዟል ወይ አይነሣም። ችግሩ ምን እንደሆነ ጆሮዎ ይነግርዎታል።

እኛም ዘንድ ኢሜይል መጀመሪያ የገባው በዚሁ በስልክ መንገድ ነው። አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ የነበረው ፓዲስ የተባለ ፕሮጀክት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ደውሎ የተጠራቀመውን ያራግፋል፣ የተጠራቀመለትን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። በደብዳቤ ቀን የሚመጣ ፖስተኛ በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲገባ አድራሻው እንደሚያልቅ ግልጽ ሆነ። ሁለት መድኃኒት ታሰበ። አንዱ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ነው፤ አድራሻውን ከ32 ወደ 128 ቢት ማሳደግ። ይህ አይፒቪ6 ይባላል፤ የመጀመሪያው ንድፍ በዲሴምበር 1995 ወጣ። ሁለተኛው እስከዚያው የሚያቆይ ማስታገሻ ነው። በሜይ 1994 ኬልድ ኤጌቫንግና ፖል ፍራንሲስ የተባሉ ባለሙያዎች ያወጡት አጭር ሰነድ እንዲህ የሚል ሐሳብ ነበረው፦ ብዙ ኮምፒውተር በአንድ አድራሻ ይጠቀም። ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ይህ የአጭር ጊዜ መፍትሔ መሆኑን ጽፈዋል። የአጭር ጊዜ መፍትሔ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው «ተለዋጭ መንገድ» የሚል ምልክት ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ማስታገሻው ከሠላሳ ዓመት በኋላም በየቤታችን ራውተር ውስጥ አለ።

በፌብሯሪ 1996 ደግሞ ማንም ሳያስፈቅድ ቤቱ ውስጥ የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች ተለይተው ተመደቡ። በ10 የሚጀምሩት አሉ፤ ከ172 ተከፍለው የተወሰኑ አሉ፤ 192.168 ብለው የሚጀምሩትም አሉ። እናት ለልጃቸው ያነበቡት ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ነው።

192.168 ማለት ፒያሳ ማለት ነው። ፒያሳ አዲስ አበባ አለ፣ ጎንደር አለ፣ ሐዋሳም አለ። ጎንደር ላሉ ሰዎች «ፒያሳ እንገናኝ» ማለት ፍጹም ግልጽ አድራሻ ነው፤ ማንም አይሳሳትም። አዲስ አበባ ያለው ሰው በጎንደሬው ስልክ «ፒያሳ ነኝ» ሲባል ሰምቶ በራሱ ሰፈር ወደ ጊዮርጊስ ቢያቀና ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል እንጂ አይገናኙም። የቨርጂኒያው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። 192.168.1.5 ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ የፈለገው እዚያው ቨርጂኒያ፣ የራሱ ቤት ውስጥ ነው። በእድል ከሆነ ያገኘው የራሱን ፕሪንተር ነው። ፕሪንተር ደግሞ የእማዬን ፎቶ አይከፍትም።

«እሺ፣ ከውጭ የሚታየውን እውነተኛውን አድራሻ ልንገረው» ቢሉስ? ይገኛል። ራውተሩ ከውጭ የሚጠራበት ቁጥር አለው። ግን አሁንም አይገቡም። ምክንያቱም አንድ ግቢ አስቡ፤ ውስጡ ስምንት ተከራይ፣ በሩ አንድ፣ በሩ ላይ ዘበኛ። ከተከራዮቹ አንዷ ልጅ ልካ ከሱቅ ዘይት ብታስመጣ ዘበኛው ልጁ ከየት ክፍል እንደወጣ አይቷል፤ ሲመለስ ያስገባዋል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን በሩን ቢያንኳኳ፣ ዘበኛው ስምንቱን ተከራይ በስም አያውቅም፤ እንግዳው ለየትኛው ክፍል እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ይመልሰዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው። የቤት ራውተር ይህ ዘበኛ ነው። ወደ ውጭ የወጣውን ሁሉ መዝግቦ መልሱን ያስገባል። ማንም ሳይጠራው የመጣውን አያስገባም። ገጽ ሲያነቡ፣ ፊልም ሲያዩ ችግር የሌለውና ወደ ቤትዎ ልግባ ሲሉ ችግር የሚፈጠረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ የኋለኛው ከውጭ ወደ ውስጥ።

ዘበኛውን አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። «ማንም መጥቶ 3389 ካለህ ወደ አምስተኛው ክፍል ውሰደው» ይሉታል። 3389 የማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ የበር ቁጥር ነው። ባለሙያዎች ፖርት ማስተላለፍ ይሉታል። አምስተኛው ክፍል የተባለው ኮምፒውተር ነገ ክፍል እንዳይቀይር ቁጥሩን ማስተሳሰር ያስፈልጋል፤ ራውተሩ ቁጥር የሚያድለው እንደመጡበት ነውና። የግቢው የውጭ አድራሻ ራሱ በየጊዜው የሚቀያየርበት ቤትም ሞልቷል። ይህን ሁሉ በስልክ ለእናት ማስረዳት እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

ከዚህም የባሰ አለ። አድራሻ እያለቀ ሲሄድ የቴሌኮም ድርጅቶች ግቢዎቹን ራሳቸውን በሌላ ትልቅ ግቢ ውስጥ ከተቷቸው። በኤፕሪል 2012 ለዚሁ ሥራ በ100.64 የሚጀምር ልዩ የቁጥር ክልል ተመደበ። በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ያለው በእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ውስጥ ነው። ኮንዶሚኒየም በሉት፤ የቤትዎን ዘበኛ ቢያዙ እንኳ የሰፈሩ በር ላይ ሌላ ዘበኛ አለ። እሱን ደግሞ የሚያዘው ድርጅቱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ራውተርዎ ላይ የሚያዩት የውጭ አድራሻ በ100.64 ወይም በ10 ከጀመረ የፖርት ነገር አያድክምዎ፤ ቢውሉበት አይሆንም።

እኛ አገር ኢንተርኔት የገባው በጃንዋሪ 1997 በያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ቀኖቹን አስተያዩአቸው። ማስታገሻው በ1994፣ ፒያሳዎቹ በ1996፣ እኛ በ1997። አጥሩ ከተሠራ፣ ዘበኛው ከተቀጠረ በኋላ ደረስን። ማንም ማንንም በስሙ የሚጠራበት ኢንተርኔት ለአብዛኞቻችን የሰማነው ታሪክ ነው እንጂ የኖርንበት አይደለም። ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን ባይገባም ነበር። ደብዳቤ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ሰው ስንት ነው? ፖስታ ቤት በተከራየነው ሣጥን ነው የኖርነው። አንድ ሣጥን ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ያገለግላል፤ ተላላኪው አምጥቶ ያከፋፍላል። ፈረንጆቹ በ1994 የደረሱበትን ዘዴ እኛ በፖ.ሣ.ቁ. ስንኖርበት ነበር።

የቀሩት ሁለት የመልእክቷ ምክንያቶች አጠር ያሉ ናቸው። «ጠፍቷል» የሚለው እኛ ዘንድ ማብራሪያ አይሻም፤ መብራት ሄዷል። መብራት ባይሄድም ኮምፒውተር ብቻውን ሲተዉት ይተኛል፤ የተኛ ኮምፒውተር ደግሞ የሩቅ ሰው አይሰማም። ስለዚህ እንዳይተኛ አድርጎ መተው ነው።

«አልተፈቀደም» የሚለው ትንሽ ታሪክ አለው። ማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕን በተራ ኮምፒውተር ላይ ያስገባው በኦክቶበር 2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ያውም «ፕሮፌሽናል» በሚባለው ዓይነት ላይ ብቻ። «ሆም» ወይም የቤት የተባለው ወደ ሌላ ሰው ቤት መሄድ ይችላል፤ ሰው ግን አይቀበልም። እስከ ዛሬ፣ በዊንዶውስ 11ም፣ እንደዚያው ነው። ቤት የሚል ስም ያለው ዊንዶውስ እንግዳ የማይገባበት መሆኑ ስም አውጪውን የሚያስመሰግን አይመስለኝም። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት መጠየቅ ያለበት የእናት ዊንዶውስ የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። ሆም ከሆነ ሌላ ፕሮግራም መፈለግ ነው። ለምሳሌ በ1998 ከካምብሪጅ፣ እንግሊዝ፣ ከኦሊቬቲ ምርምር ቤት የወጣው ቪኤንሲ የዊንዶውሱን ዓይነት አይጠይቅም።

ፋየርዎልም አለ። በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለ ትል በዓለም ላይ ያሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አተራመሰ፤ ማንም ሳይነካቸው ከኔትወርክ ብቻ ነበር የሚገባባቸው። ማይክሮሶፍት ደነገጠና በኦገስት 2004 በለቀቀው ማሻሻያ ፋየርዎሉ ከመጀመሪያው ተዘግቶ እንዲመጣ አደረገ። ትክክል ነበር። ግን ትናንት ይሠራ የነበረ ግንኙነት ሁሉ በአንድ ሌሊት ጸጥ አለ፤ የቤት ሰው ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም።

ከላይ እደርስበታለሁ ያልኩት የዓመተ ምሕረት ጉዳይ ይህ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገናኙ የመታወቂያ ወረቀት ይለዋወጣሉ፤ ወረቀቱ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የሰዓት ባትሪዋ ያለቀባት አሮጌ ኮምፒውተር ስትነሣ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ትመለስና የሚቀርብላት መታወቂያ ሁሉ ገና ያልተሰጠ ይመስላታል። እኛ ጋ ደግሞ ባትሪ ሳያልቅ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው። ግንኙነቱ እምቢ ሲል ራውተር ይለወጣል፣ ቴሌ ይወቀሳል፤ ጥግ ላይ ያለችውን ቀን የሚያያት ግን የለም።

ዘበኛን ማለፍ ሲያቅት ሰው ምን ያደርጋል? ደላላ ይፈልጋል። በ2003 ስካይፕ፣ በ2005 ደግሞ ጀርመን፣ ጎፒንገን ከተማ የተመሠረተው ቲምቪውወር ይህን ሥራ ለቤት ሰው አቀለሉት። ብልሃቱ የሚገርም ነው። ዘበኛው ከውስጥ የወጣ ሰው ሲመለስ ያስገባል አላልንም? እንግዲህ እናትም ልጅም ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥተው አንድ ሦስተኛ ቦታ፣ የድርጅቱ ኮምፒውተር ጋ፣ ይሄዳሉ። ደላላው ለአንዱ የሌላውን በር እንዴት እንደሚመስል ይነግረዋል። ከዚያ ሁለቱም እኩል ወደ አንዱ በር ይልካሉ። የአዲስ አበባው ዘበኛ የቨርጂኒያው መልእክት ሲመጣ «ይኼማ ቅድም ከውስጥ የተላከው መልስ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል፤ የቨርጂኒያውም እንዲሁ። ሁለት ዘበኛ በአንድ ጊዜ ተታለለ። ይህ ካልተሳካ፣ በተለይ ግቢ በግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ነገሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው በደላላው በኩል ያልፋል። ያኔ ነው እጅ የምትንቀራፈፈው፤ ማውዟ ዛሬ ተገፍታ ነገ የምትደርሰው።

ዛሬ የቤት ሰው የሚገናኘው በብዛት በዚህ መንገድ ነው። ረጅም ቁጥርና የይለፍ ቃል ያነባሉ፣ ይገባል። ለእናትና ለልጅ ከፖርት ይልቅ ይህን ነው የምመክረው። ነገር ግን ደላላ ደላላ ነው። በር የሚከፍተው እሱ ሲፈልግ ነው። ሎግሚኢን የተባለው ታዋቂ አገልግሎት በጃንዋሪ 2014 ነጻውን በአጭር ማስጠንቀቂያ አቋረጠ። ነባሩ ፒሲ ኤኒዌር የፕሮግራሙ ምስጢር ተሰርቆ ስለነበር በጃንዋሪ 2012 ባለቤቱ ሲማንቴክ ራሱ ደንበኞቹን ለጊዜው አጥፉት አላቸው፤ በ2014 ጨርሶ ተቋረጠ።

ከደላላው ይልቅ የሚያስፈራው ግን በደላላው በር የሚመጣው ሰው ነው። «ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው፣ ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት፣ ይህን ፕሮግራም ያውርዱና ቁጥሩን ያንብቡልኝ» የሚል ጥሪ በየአገሩ የስንቱን አረጋዊ የባንክ ሒሳብ አራቁቷል። ሌባው ምንም አልሰበረም። እንደ ልጃቸው ነው የገባው፤ ያንኑ ቁጥር አስነብቦ፣ ያንኑ «ምን መጣ?» ብሎ። በሜይ 2024 ማይክሮሶፍት ክዊክ አሲስት የሚባለው የራሱ የመረዳጃ ፕሮግራም በእንዲህ ዓይነት አታላዮች እጅ መግባቱን አስታውቋል። ስለዚህ እናት ማወቅ ያለባቸው የቴክኒክ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ደውሎ የመጣ ሰው አይገባም። እሳቸው የደወሉለት ነው የሚገባው። የቤታቸው ራውተር በምን ሕግ እንደሚሠራ ሳያውቁ ሕጉን ያውቁታል ማለት ነው።

3389ን ለዓለም የከፈተ ሰውም አይተርፍም። ወንበዴዎች ያለ እረፍት የሚያንኳኩት ያንን በር ነው። በሴፕቴምበር 2018 የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ስለዚሁ ሕዝብ አስጠነቀቀ። በሜይ 2019 ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘና ማይክሮሶፍት ቀብሮት ለነበረው ለኤክስፒ እንኳ ጥገና ለማውጣት ተገደደ። ልጅየው ፖርት ከፍቶ ከሆነ ማታውኑ ይዝጋው።

አድራሻውስ? በፌብሯሪ 3 ቀን 2011 የዓለሙ ማዕከላዊ ጎተራ ባዶ ቀረ። የአፍሪካው ጥቂት ተርፎት ነበር። በ2019 ግን ከአፍሪኒክ መዝገብ ውስጥ አራት ሚሊዮን ያህል አድራሻ በውስጥ ሰው እጅ ያለ አግባብ መውጣቱ ተጋለጠ። ወደ ማዕዱ በመጨረሻ የደረሰው ቤት ውስጥ ሌባ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው አይፒቪ6 ነው። እሱ ለእያንዳንዱ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር፣ ለአምፖሉም ጭምር የራሱ አድራሻ ለመስጠት የሚበቃ ነው። ፒያሳ መጋራት አያስፈልግም። በሁለቱም ጫፍ ባለበት ቤት ልጁ የእናቱን ኮምፒውተር በስሙ ሊጠራው ይችላል።

ከጠራው በኋላ ግን በሩን ያገኘዋል። በጃንዋሪ 2011 የወጣው የቤት ራውተር ምክር በአይፒቪ6ም ቢሆን ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን መመለስ ይበጃል ይላል፤ ራውተር ሠሪዎችም በብዛት ተከትለውታል። አድራሻ ስላነሰ የተቀጠረው ዘበኛ አድራሻው ከበዛም በኋላ አልተሰናበተም።